አየሩን በሆዱ የያዘ እሳት

በሰሜን ኬንያ ከቱርቢ እስከ ድንበር ከተማዋ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ከናይሮቢ የተነሣ የጭነት መኪና ሞያሌ የሚገባበትን ቀን ሾፌሩ ራሱ አያውቀውም ነበር። በበጋ ድንጋዩ ጎማውን ይበላዋል፣ በዝናብ ጊዜ ጭቃው ይይዘዋል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በየክፍሉ ሲሠራ ቆይቶ የሰሜን ጫፉ ክፍል ወደ እኛ ሲቃረብ ሥራ ፈላጊ ጎረምሳ ነበርኩ። በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ በተነሣው ግጭት ቤት ተቃጥሎ፣ ብዙ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ መጥቶ ነበር። ሰላም ሲወርድ እነሱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እኔም ተከትያቸው ወደ መንገድ ሥራው ተሻገርኩ።

የተቀጠርኩት በጉልበቴ አይደለም፣ በአንደበቴ ነው። ሞያሌ ያደገ ልጅ አማርኛውን ከቤት፣ የቦረናን ኦሮምኛ ከጎረቤት፣ ስዋሂሊውን ከገበያ ይማራል። ከሶሎሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ በነበረው ካባ ድንጋይ በፈንጂ ይሰበር ነበር። ካባው ዙሪያ ደግሞ ከብት የሚያሰማሩ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ወደ ገበያ የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። መንገዱን የሚሠራው ድርጅት ለእነዚህ ሰዎች በቋንቋቸው «ዛሬ በዚህ አትለፉ» የሚል ሰው ያስፈልገው ነበር። ቀይ ባንዲራና ፊሽካ ተሰጠኝ፣ የፍንዳታ ጥበቃ ተባልኩ።

የፈንጂው ኃላፊ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ የመጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሁሉም ሰው በስዋሂሊ «ምዜ»፣ ማለትም ሽማግሌ፣ ይለዋል፤ እሱም እኔን «ኪጃና»፣ ማለትም ጎረምሳ፣ ይለኛል። በኬንያ ሕግ ፈንጂ የሚነካ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የምዜ ፈቃድ ከደረት ኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ከእሱ በፊት የነበረኝ እውቀት የመንደር እውቀት ነው። ድማሚት ማለት አንድ ሰው ክብሪት ጭሮ የሚሮጥለት ነገር ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ያሳየኝ ነጩን ጆንያ ነው። በውስጡ ያለው የስኳር ያህል ንጹሕ፣ ክብ ክብ ፍሬ አሞኒየም ናይትሬት ነበር። «ይህ ብቻውን ምንድን ነው?» አለኝ። «ፈንጂ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ብቻውን ሲሆን እንደ ወረቀት ወይም እንደ እንጨት አይነድም። ሥራው ሌላ ነው፤ በሙቀት ሲፈርስ ኦክስጅን ይሰጣል። ከሚነድ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከናፍጣ ጋር ሲገናኝ ግን ነዳጁና ኦክስጅኑ ጎን ለጎን ተኝተው የሚጠባበቁበት ድብልቅ ይሆናል። ምዜ ቀጥሎ የነገረኝን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሳት ከማውቀው ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር። እናቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁታል። የከሰል ምድጃ ሲበቃው አመድ ይለብሳል፣ አየር ያጣል፣ ይከስማል። ቤት ሲቃጠል በእርጥብ ጆንያና በአፈር የምናፍነውም በዚሁ እውቀት ነው። «ይህኛው ግን» አለ ምዜ፣ እጁን ጆንያው ላይ አሳርፎ፣ «አየሩን ከውጭ አይለምንም። በሆዱ ይዞታል። ብትሸፍነው አይታፈንም፤ ግፊቱንና ሙቀቱን ታጠራቅምለታለህ እንጂ።»

የካባው ሕግ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወለድ መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳሁ። ናይትሬቱና ናፍጣው በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ፤ የሚገናኙት ለሥራው በሚያስፈልገው ጊዜና ቦታ ብቻ ነው። ፈንጂውን የሚቀሰቅሱት ዲቶኔተሮች ከሁሉም ተለይተው በሌላ መጋዘን ይቆለፋሉ፤ ከዋናው ፈንጂ ጋርም በአንድ መኪና አይጫኑም። በመጋዘኑ ዙሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ክብሪትና ሲጋራ በር ላይ ይቀራል። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ዘይት የነካው ጨርቅ፣ የብረት ብናኝ ናይትሬቱ አጠገብ አይደርስም። ደመና አጉረምርሞ መብረቅ ከታየ በድንጋዩ ውስጥ የተቆፈሩትን ቀዳዳዎች በፈንጂ መሙላት ይቆማል፣ ሁሉም ሰው ቦታውን ለቆ ይወጣል። ፎርማኑ ስለ ሥራ መጓተት ሲናገር ምዜ መልስ አይሰጠውም፤ ሰማዩን እያየ ይቆማል።

የፍንዳታ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይታወቃል። መቆፈሪያው ዋገን ድሪል ጸጥ ይላል፣ ሲኖትራኮቹ ርቀው ይቆማሉ፣ ድንጋይ ፈጪው ክሬሸር ይጠፋል። እኔና ሌሎቹ ጠባቂዎች ባንዲራ ይዘን በየመተላለፊያው እንበተናለን። ሲሪኑ በየተራው ይጮኻል፤ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ይከተላል። ለሠራተኛው ድምፁ ትርጉም ነበረው፣ ለእረኛው ግን ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍንዳታው አንድ ቀን ቀደም ብዬ በየኦላው፣ ማለትም በየቦረና መንደሩ፣ እየዞርኩ እናገር ነበር። በውሃ ጉድጓዱ ዘንድ ለሴቶቹ፣ በጥላው ሥር ለሽማግሌዎቹ፣ በመንገዱ ለቦዳ ቦዳ፣ ለሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነጂዎቹ የምለው አንድ ነገር ነው፦ «ነገ ፀሐይ ከአናት ስትደርስ ከካባው ራቁ፣ የመጨረሻው ሲሪን እስኪጮኽ አትመለሱ።»

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። «አኮ፣ አያቴ፣ ጥቂት ይታገሡን» አልኳቸው። እሳቸውም ፍየሎቹ ውሃ ካገኙ መቆየታቸውን፣ መንገዱም ካባው ከመምጣቱ በፊት የእሳቸው እንደ ነበረ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። በሬዲዮ ለምዜ ነገርኩት። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ፍየሎቹ አልፈው ጉብታውን እስኪዞሩ ፍንዳታውን አቆመው። ፎርማኑ ተቆጣ። ምዜ በሬዲዮው በዝግታ «የሚጠብቀው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ አይቸኩልም» አለ።

ከዚያ ተኮሰ። ከሩቅ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያለ ድምፅ የሚነሣ መሬት ነው። የካባው ግንብ ፊት በአንድ ጊዜ አይደለም የሚወድቀው፤ ቀዳዳዎቹ በሚሊ ሰከንድ እየተከታተሉ ስለሚፈነዱ ድንጋዩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተነሣ ይሄዳል። ቀጥሎ መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይርዳል፣ ምክንያቱም መንቀጥቀጡ በአለት ውስጥ ከአየር ይልቅ ይፈጥናል። ድምፁ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ደረት ላይ እንደሚያርፍ እጅ ሆኖ ይመጣል። ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ፍንዳታ ግን በሰከንድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ምዜ በመቃጠልና በመፈንዳት መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳኝ በዚህ ነው። መቃጠል ከንብርብር ወደ ንብርብር ሙቀትን እያስተላለፈ የሚሄድ ነው። መፈንዳት ግን የግፊት ማዕበል ነው፤ ማዕበሉ የነካው ሁሉ ከድምፅ ፈጥኖ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ያው አንድ ድብልቅ እንደ ሁኔታው ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል።

ጢሱም ይናገራል። ጥሩ ፍንዳታ ግራጫ አቧራና እንፋሎት ይተዋል። በገና፣ ማለትም በቦረና ትልቁ የዝናብ ወቅት፣ ውሃ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲገባ ግን ብርቱካናማ ደመና ሲወጣ አይተናል። ናይትሬት ውሃ ይወዳል፣ ይሟሟል፣ ድብልቁም ይበላሻል። ያ ቀለም ምላሹ በሙሉ አለመሄዱን የሚያሳይ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ሳንባ ይጎዳል፤ የባሰው ነገር ደግሞ ወዲያው ላያስታውቅ፣ ከሰዓታት በኋላ ሕመሙን ሊያመጣ መቻሉ ነው። ምዜ ነፋሱን አይቶ ወደ ላይኛው በኩል አወጣን። ጢሱ እስኪጠራ ማንም አልገባም። ሲጠራም መጀመሪያ የሚገባው እሱ ብቻውን ነው፤ ያልፈነዳ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን በእያንዳንዱ እርምጃ እየመረመረ። ከዚያ በኋላ ብቻ የመጨረሻው ሲሪን ይጮኻል።

በምሳ ሰዓት ቻዩን ይዞ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ስለ ልጅነቱ ያወራኝ ነበር። ያደገው ማሊንዲ አካባቢ ነው። ከዚያ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ጣሊያኖች ሳን ማርኮ የተባለ የሮኬት ማስወንጨፊያ መድረክ በባሕር ላይ ተክለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1988 ስካውት የተባሉ የአሜሪካ ሮኬቶች ከዚያ ወደ ሰማይ ተተኩሰዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 የኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት የተላከችው ሳተላይት ኡሁሩ ተባለች፣ ነጻነት ማለት ነው። ኤክስሬይ የሚያመነጩ የሰማይ አካላትን ለማጥናት ተብላ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ምዜ ልጅ ሆኖ ከአሸዋው ላይ ቆሞ ነጭ ጢስ ሰማዩን ሲሰነጥቅ አይቷል።

«ያ ሮኬት የጆንያው ዘመድ ነው» አለኝ። ስካውት በሁሉም ደረጃዎቹ ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀም ሮኬት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጠጣር ነዳጅ አብዛኛው ቅይጥ ነው፤ ኦክስጅን የሚሰጥ ጨው፣ እንደ ጎማ ያለ ማጣበቂያና የአሉሚኒየም ዱቄት አንድ አካል ሆነው ይረጋሉ። አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ የሚነደው አየሩን ይዞት ስለሚሄድ ነው። ከተለኮሰ በኋላ ግን እንደ ውሃ ቧንቧ ዘግተው አያስቆሙትም። ነዳጁ ከተሰነጠቀ የሚነደው ገጽ በድንገት ይሰፋል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ቀፎውም ሊፈነዳ ይችላል። ጨውም ቢሆን ተሠርቶ በተከማቸበት አደጋ አድርሷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1988 በአሜሪካ ኔቫዳ ሄንደርሰን ውስጥ አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለውን ይህን ጨው የሚሠራ ፋብሪካ ተቃጥሎ ፈንድቷል፤ ሁለት ሰዎችም ሞተዋል። ምዜ ይህን ሲነግረኝ ሊያስፈራራኝ አልነበረም። እውቀት ያለው ሰው ይህን ነገር ከምድር እስከ ሕዋ ማዘዝ እንደሚችል፣ የሚያዘውም ጠባዩን አክብሮ እንደሆነ ሊያሳየኝ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በገና ዝናብ ወቅት በአንድ ምሽት ይህ ሁሉ ትምህርት ተፈተነ። ናይትሬት የጫነ መኪና ከማርሳቢት በኩል ወደ ካባው መጋዘን እየመጣ ሳለ፣ ዳገቱ ላይ የኋላ ፍሬኑ ግሎ ጎማው ተያያዘ። ከአንድ ኦላ አጠገብ ነበር። ምዜና እኔ በፒክአፕ ስንደርስ ሾፌሩና ረዳቱ ከጀሪካን ውሃ እየደፉ ነበር። የመንደሩ ጎረምሶች ደርሰዋል። አንዱ አፈር ይበትናል፣ ሁለቱ ሸራውን ጎትተው በእሳቱ ላይ ሊያለብሱት ይሞክራሉ፣ ሌሎቹ ጆንያዎቹን ለማዳን ወደ ላይ እየወጡ ነው። የእኛ አገር ሰው በእሳት ላይ ጀርባውን አያዞርም፤ ያደግንበት ነውና በዚያች ደቂቃ እኔም እጄ ወደ ጀሪካኑ ሄዷል።

ምዜ ከመኪናው ወርዶ እሳቱን አየ። ጎማው ብቻ ቢሆን ኖሮ በብዙ ውሃ መዋጋት ይቻል ነበር። እሳቱ ግን የጭነቱን ወለል አልፎ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ቡናማ ጢስ መውጣት ጀምሯል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ቶኬኒ! ውጡ! ሸራውን ተዉት!» ወደ እኔ ዞሮ «ኪጃና፣ ኦላውን አስነሣ። ሰው ሁሉ ከጉብታው ኋላ፣ ከዚያም አልፎ ይሂድ» አለኝ።

ሮጥኩ። የመንደሩ አለቃ አባ ኦላው በጎጇቸው ፊት ለፊት ቆመው እሳቱን ያያሉ። «ሰዎች ተቸግረው ሳለ ወጣቶቼን ሽሹ ትላቸዋለህ?» አሉኝ። ስለ ናይትሬት ማስረዳት አልችልም፣ ጊዜም የለም። «አባ ኦላ» አልኳቸው፣ «ይህ እሳት አየሩን በሆዱ ይዞ የመጣ ነው። አፈርም ሸራም አያፍነውም። ከፈነዳ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይወስዳል። ዛሬ ጎረቤትን መርዳት ማለት ከዚህ መራቅ ነው።» ለአፍታ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ተጣሩ። በእሳቸው ቃል ኦላው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሕፃናት በጀርባ፣ አንድ ታማሚ ሽማግሌ ከነአልጋቸው በአራት ሰው ትከሻ፣ ጥጆችና ግልገሎች በጨለማ እየተጯጯኹ ከጉብታው ኋላ ዞረን ራቅን። ፖሊስ መንገዱን ከሁለቱም አቅጣጫ ዘጋው። ምዜ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለ ብዙ አራቀን። ናይትሬት የጫነ ትልቅ መኪና በእሳት ሲያያዝ የሰሜን አሜሪካ የአደጋ መመሪያ 1600 ሜትር ራቁ ይላል።

ሌሊቱን እዚያ አደርን። ከጉብታው በላይ ሰማዩ ይቀላል፣ መልሶ ይጠቁራል። የቀሩት ጎማዎች በየተራ ሲፈነዱ ሁላችንም መሬት ላይ እንዘረጋ ነበር። በዚያ መካከል ለምዜ ስለ አዲስ አበባ ነገርኩት። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን ከያዘ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የጥይትና የፈንጂ መጋዘን ተቀጣጥሎ መቶ ያህል ሰው ሞቷል። ዘመዶቻችን ያወሩት ነበር። ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ነገሩ አልቋል ብሎ ለማየት ወይም ለመርዳት የቀረበውን ሰው ተከታዩ ያገኘው እንደ ነበር እንደሚነገር ነገርኩት። ምዜ ዝም ብሎ አዳመጠኝና «መሐመድ አሚንን እዚያ ነው ያገኘው» አለ። ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን የ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረኀብ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። የዚያን ቀን ፍንዳታውን ሲቀርጽ የግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመልሷል። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለን ሰዎች በአንድ ፍንዳታ አብረን እንደ ቆሰልን የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ጎሕ ሲቀድ ነበልባሉ ወረደ። መኪናው አልፈነዳም። ምዜ ግን ጢሱ ጨርሶ እስኪቆምና ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ማንንም አላስጠጋም። ስንደርስ ያየነው የመኪና አጽም ነው። ናይትሬቱ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ወደ ቦዩ የፈሰሰው ክፍል ነጭ ድንጋይ መስሎ ረግቶ ነበር። ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። በከንቱ በዝናብ እንዳደርንና በርካታ ጆንያ ማዳን ይቻል እንደ ነበር ተናገሩ።

ከሰዓት በኋላ አባ ኦላው ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ምዜን አስጠሩት። እኔ በመካከል አስተረጎምኩ። ምዜ የጎረምሶቹን ቅሬታ አላጣጣለም። ናይትሬት ተቃጥሎ ሳይፈነዳ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ እንደሆነ አስቀድሞ አመነላቸው። «ችግሩም ይኸው ነው» አለ። ቢፈነዳም ባይፈነዳም ከውጭ የሚታየው እሳት አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ከውስጥ ያለው ነው፦ ምን ያህል እንደ ቀለጠ፣ ከናፍጣ ወይም ከሌላ የሚነድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ፣ የታፈነበት ቦታ መኖሩ። ይህንን ደግሞ ማንም ቆሞ እያየ ሊያውቀው አይችልም።

ከዚያ ሦስት ነገር ነገራቸው። በጀርመን ኦፓው በተባለ ቦታ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የረጋውን የናይትሬትና የሰልፌት ድብልቅ በትንሽ ድማሚት ያፍረከርኩት ነበር። ብዙ ሺህ ጊዜ አድርገውታል፣ ምንም አልሆኑም። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1921 ግን ክምሩ ፈነዳና ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 ናይትሬት የጫነችው ግራንካን የተባለች መርከብ መጨስ ጀመረች። ካፒቴኑ ጭነቱ በውሃ እንዳይበላሽ ብሎ ክፍሉን አስዘግቶ በእንፋሎት ሊያፍነው ሞከረ። መርከቧ ፈንድታ ቢያንስ 581 ሰዎች ሞቱ፤ ከከተማዋ 28 የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች 27ቱ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ሦስተኛው ገና ዓመት ያልሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 2014 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ አንጀላላ በተባለ ወንዝ አጠገብ ከ50 ቶን በላይ ናይትሬት የጫነ መኪና ተገልብጦ ተቃጠለ፣ ከዚያም ፈነዳ። የመኪናውንም የባቡሩንም ድልድይ አፈረሰ። ሰዎች ቆሰሉ እንጂ የሞተ አልነበረም።

አባ ኦላው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ለወጣቶቹ እንዲህ አሉ፦ «አንበሳ በሩ ላይ አድሮ ሳይበላ የሄደለት ሰው፣ በሩን መዝጋቴ ከንቱ ነበር አይልም።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና ጥያቄ ጠየቁኝ። መኪናው በየሳምንቱ በደጃፋቸው ሲያልፍ ምን እንደጫነ ለምን ማንም አልነገራቸውም? መልስ አልነበረኝም። ምዜ ጥያቄውን ሲሰማ ራሱን ዝቅ አድርጎ «ትክክል ናቸው» አለ። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያዬ ስለ ፍንዳታው ቀን ብቻ መሆኑ ቀረ። በየኦላው ስዞር ጆንያው ምን እንደሆነ፣ ምልክቱ ምን እንደሚመስል፣ ቢቃጠል ምን ማድረግ እንደሚገባ መንገርም ሥራዬ ሆነ።

መንገዱ አለቀ። ምዜ ወደ ሌላ ካባ ሄደ፣ እኔም ሞያሌ በትራንዚት ሥራ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ምስሉን በስልኬ አየሁት፤ ከፍንዳታው በኋላ የተነሣው ብርቱካናማ ደመና ከካባው ዘመን ጀምሮ የማውቀው ነው። 2,750 ቶን ናይትሬት ስድስት ዓመት ገደማ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነገራቸው እሳት ሊያጠፉ የተላኩ 10 የእሳት አደጋ ባልደረቦችም አብረው አለቁ። የአባ ኦላው ጥያቄ የቤይሩትም ጥያቄ ነው። የሚያውቀው ሰው ለሚኖርበት ሰው ለምን አልነገረውም?

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ሞያሌ ላይ ተገናኝተው የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ። ሐዋሳና ናይሮቢ በአስፋልት ተገናኙ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ በጭቃ ያደረ ሰው የአስፋልትን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን ጥሩ መንገድ ጭነቱንም ያበዛል። በከተማችን ቤንዚን በጀሪካን መኝታ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ በፓንያ፣ ማለትም በኮንትሮባንድ፣ መንገድ የመጣ ዕቃ ምንነቱ ሳይጠየቅ በአንድ መጋዘን ይከመራል። ማዳበሪያውና ናፍጣው ጎን ለጎን ሲቆሙ ያየሁበት መጋዘን አለ።

ለሾፌሮችና ለባለ መጋዘኖች ዘወትር የምናገረውን እዚህም እጽፈዋለሁ። ማዳበሪያ ሁሉ አያስፈራ፤ ዩሪያ ከናይትሬት ወገን አይደለም፣ ኦክስጅንም አይሰጥም። መለየት የሚቻለው በምልክቱ ነው። ቢጫ መደብ ላይ ከክብ በላይ የሚነድ ነበልባልና 5.1 የሚል ቁጥር ያለበት ጭነት ኦክስጅን ሰጪ ነው። ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከጭድና ከእንጨት ፍቅፋቂ ይራቅ። ብርቱካናማው የፈንጂ ምልክት ያለበት ጭነት ደግሞ በከተማ መካከል አይቆም፣ አይደር። ጎማ ብቻ ሲያያዝ ብዙ ውሃ ካለ ፈጥናችሁ አጥፉ። እሳቱ ጭነቱን ከነካ ግን አትሸፍኑት፣ አትዝጉት፣ ጆንያ ለማዳን አትውጡ። ሰው አስነሥታችሁ ከ1600 ሜትር በላይ ራቁ፣ በነፋሱ መነሻ በኩል ሁኑ፣ ለመጡት እሳት አጥፊዎችም ጭነቱ ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቃል ንገሯቸው።

ኬላውን ለሚያስተዳድሩት የሁለቱ አገር ባለሥልጣናት ያለኝ ልመና ደግሞ ግልጽ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በስዋሂሊ ተጽፎ በኬላው፣ በነዳጅ ማደያው፣ በየመጋዘኑ በር ይሰቀል። አደገኛ ጭነት ሲያልፍ በመንገዱ ዳር ያሉ የአባ ኦላዎችና የቀበሌ ሰዎች አስቀድመው ይወቁት። በየትምህርት ቤቱ ስለ እሳት ሲነገር አየሩን ከውጭ የሚያገኘውና አየሩን ይዞ የሚመጣው ተለይተው ይነገሩ። የሚጠይቀው ወጪ ቀለም፣ ቆርቆሮና ጥቂት የሚናገሩ ሰዎች ነው፤ ሁሉም ሞያሌ ውስጥ አሉ።